ጉጉቶቹ የነበሩበት ፉርጎ

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘከዝክላቸው፣ ይህቺን ብቻ ምላሴ ሥር ደብቄ እመለስ ነበር። ሐሜቴን ተናግሬያለሁ፤ ጾም መግደፌን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልቻልኩም። ለምን? ሰው አልገደልኩም፤ አልሰረቅኩም። አንድ ቃል ነው የተናገርኩት። ያቺ ቃል አንድን አባት ከልጆቹ ነጥላ ስድስት ወር አቆየችው። የበደልኩትም ሰው ጠላቴ አልነበረም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሳመሰግነው የኖርኩት ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ድርቁ ብዙ አገር ባራቆተበት ዓመት። እኔ ከድሬዳዋ ወደ ወደቡ በሚወስደው ሐዲድ ላይ፣ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ረዳት ሹም ነበርኩ። የአዳ ልጅ ነኝ፤ ከጥቁር አፈርና ከጤፍ ማሳ ተነሥቼ ድንጋይና ፀሐይ ወዳለበት አገር ስመደብ ከቅጣት ቆጥሬው ነበር። ዋናው የጣቢያ ሹም ታመው ድሬዳዋ ስለተኙ ስልኩም፣ ማኅተሙም፣ ቀይ ኮፍያውም እኔ እጅ ገቡ። የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነኝ። ያቺን ኮፍያ ስደፋ ማንን አክል ነበር መሰላችሁ! ባለቤቴ ዘነበች የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ማታ ማታ ኮፍያህን አውልቀህ ተኛ እንጂ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሐዲድ ቀያሪው ሮብሌ ይባላል። ባቡር ሲመጣ ከባዱን ብረት ስቦ ወደሚገባበት ሐዲድ የሚያስገባው እሱ ነው። የዚያው አገር ሰው፣ ሶማሌ፣ ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ፣ ረጅም ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ። ሰው ሁሉ አዴር ይለዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔም አዴር እለው ነበር። እሱ ደግሞ እኔን "ሼፍ" ይለኛል፤ የባቡር ሰው አለቃውን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሚስቱ ሞታበት ሦስት ልጆቹን ብቻውን ያሳድጋል። ከሥራ እንደወጣ ሩዙን ይቀቅላል፤ የትንሿን፣ የሆዳንን ፀጉር ያበጥራል፤ ልብስ ያጥባል። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበርና መጀመሪያ ላይ ይደንቀኝ ነበር። አዴር ሮብሌ አንዲት ነገር ለመናገር ግማሽ ቀን የሚያስብ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። እንዴት እንደተዋደድን እንጃ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ መጣና አንድ ነገር ላሳይህ ብሎ ከውኃ ማማው ጥግ ወስዶ አስቀመጠኝ። ፊት ለፊታችን፣ ከዳር ሐዲድ ላይ፣ ሥራ ፈትቶ የከረመ ባዶ ፉርጎ ቆሟል። ፀሐይዋ እንደጠለቀች አንድ ነጭ ነገር ያለምንም ኮሽታ መጥቶ በፉርጎው ጣሪያ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ዘው አለ። ጉጉት! አማተብኩ። እኛ አገር ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸ ሰው ይሞታል ይባላል፤ ሚስቴ ደግሞ እርጉዝ ናት። ይህ ሟርተኛ ወፍ ነው፤ ነገ እናባርረዋለን አልኩት። ሳቀብኝ። ጉጉት የሚጠላ ሰው እነሱም ዘንድ ሞልቷል፤ እሱ ግን ልጅ ያላት ወፍ አትባረርም አለኝ። የመጋዘንህን አይጥ ማን ሊጨርስልህ ነው ብሎም አሾፈብኝ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሱስ ሆነብኝ። በፉርጎው ጣውላ መሐል ጣት የምታህል ክፍተት ነበረች፤ ዓይናችንን በየተራ እየለጠፍን እናያለን። ጫጩቶቹ አራት ናቸው። እናትየው እንቁላሎቹን የጣለችው በአንድ ቀን ስላልሆነ የተፈለፈሉትም በየሁለት በየሦስት ቀኑ ነው፤ ስለዚህ ታላቁ ቡጢ ሲያክል ታናሿ ከሎሚ አትበልጥም። ዓይናቸው አልተገለጠም። ገላቸው ላይ ያለችው ነጭ ስስ ላባ ብርድ እንኳ አትመልስም። እናትየው ከላያቸው አትነሣም። የሚያድነው አባትየው ነው። ሜዳውን እየቃኘ የበረሃ አይጥ ያመጣል፤ ያመጣውን እሱ አይቀምሰውም፤ ለእሷ አቀብሎ ተመልሶ ይወጣል። እሷ በእግሯ ረግጣ፣ በመንቁሯ እየቦጨቀች፣ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠች ታጎርሳቸዋለች። ዓይናቸው ስለማያይ የአፋቸውን ጥግ ነካ ታደርግላቸዋለች፤ ያኔ ይከፍታሉ። ሲርባቸው የሚያሰሙት ድምፅ የድሮው የእንፋሎት ባቡር ሲተነፍስ ነው የሚመስለው፤ ሽሽሽ ይላሉ።

ሁለት ሳምንት ሲያልፋቸው ታላላቆቹ አይጡን ሙሉውን መዋጥ ጀመሩ፤ ጭራው ከአፋቸው ጥግ ተንጠልጥሎ ሲቀር በሳቅ እንሞታለን። ሆዳቸው ያልፈጨውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልለው ይተፉታል፤ ወለሉ በጥቁር ድቡልቡል ተሞልቶ ነበር። አንድ ምሽት ታላቁ ጫጩት የተሰጠውን ቁራጭ እንደያዘ ዞር አለና ለታናሿ አቀበላት። አዴር ሮብሌ ዓይኑን ከክፍተቷ አነሣ። ሚስቱ የሞተችበት ሰሞን የእሱም ትልቁ ልጅ የራሱን ድርሻ ለሆዳን እንዲሁ ያጎርሳት እንደነበር ነገረኝ።

ባቡር ቤት አንድ ደንብ አለ። የታመመ ፉርጎ፣ ማለት እግሩ ወይም ፍሬኑ የተበላሸ፣ በጎኑ ላይ በነጭ ጠመኔ መስቀል ይደረግበታል፤ መስቀል ያለበትን ፉርጎ ማንም አይቀጥለውም። አዴር ሮብሌ ጫጩቶቹ ሳይበሩ ፉርጎው እንዳይወሰድ ይጨነቅ ነበር። መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጠመኔውን ከኪሴ አወጣሁ፤ መስቀሉን በገዛ እጄ አደረግኩ። ደህናውን ፉርጎ በሽተኛ አልኩት። ያን ጊዜ ባዶ ፉርጎ ሞልቶ ስለነበር ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም። እስኪበሩ ድረስ ማንም አይነካውም፣ ቃሌ ነው አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ብዙም አልቆየ። አንድ ዓርብ ቀን ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ወደቡ ላይ የእርዳታ እህል ተከምሯል፤ በአዲጋላ ያለ ባዶ ፉርጎ ሁሉ ከድሬዳዋ በሚመጣው ባቡር ተቀጥሎ ይሂድ፤ ስድስት እንፈልጋለን አሉ። የተዘጋጁት አምስት ናቸው። ስድስተኛም አላጣሁም፤ ግን ከሐዲዱ ጫፍ ላይ እግሩ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፤ እሱን ለማውጣት በዚያ ፀሐይ ሁለት ሰዓት አካፋ መያዝ ይጠይቃል። ባቡሩ ደረሰ። ነጂው ቶሎ በሉ እያለ ጡሩምባውን ያንባርቃል። አዴር ሮብሌ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ሄዷል፤ ሐዲዱን የባቡሩ ፍሬን ያዥ ቀየረልኝ።

መስቀሉን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ረስቼ ነው እንዳልል አልረሳሁም። በሩ ሥር ቆሜ ሽሽሽ ሲሉ እሰማ ነበር። ጫጩቶቹን በካርቶን አድርጎ ማውረድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ለምን አላወረድኳቸውም? ለራበው ሰው እህል ስለቸኮለ ነው ልበል? እንደዚያ ቢሆን ደስ ባለኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ነጂውና ፍሬን ያዡ የአገሬ ሰዎች ነበሩ። ቀይ ኮፍያ ደፍቼ፣ የጉጉት ጫጩት ታቅፌ ስወርድ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? እስከ ድሬዳዋ በየጣቢያው ጉጉት አሳዳጊው ሹም እየተባልኩ መሳቂያ እሆናለሁ። ይህን ፈራሁ። ይህን ብቻ። ቀጥሉት አልኩ።

ፉርጎው ሲንቀሳቀስ እናትየው በአየር መግቢያው ወጥታ በጠራራ ፀሐይ ማማው ላይ ዐረፈች። ቁራዎች ወዲያው ከበቧት፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ባቡሩ ልጆቿን ይዞ ወደ ወደቡ አቅጣጫ፣ ወደ አይሻ ሄደ።

አዴር ሮብሌ ሲመለስ ባዶውን ሐዲድ አየ፤ ማማው ላይ ያለችውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ትእዛዝ ነው፣ ምን ላድርግ አልኩት። መስቀሉን ማን ጠረገው ብሎ አልጠየቀኝም። ቢሮ ገብቶ ለሥራ ብቻ የተፈቀደውን ስልክ አነሣና አይሻ ጣቢያ ላለ ወዳጁ ደወለ። ያ ወዳጁ፣ እግዜር ይስጠው፣ ባቡሩ እንደደረሰ ፉርጎው ውስጥ ገብቶ ጫጩቶቹን በብስኩት ካርቶን አወረደ። ሥጋ በጣቱ እየበጣጠሰ ሲያጎርሳቸው አምሽቶ፣ በማግስቱ በሚመለሰው ባቡር ላከልን። አንዱ ሞቶ ነበር። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ ታናሿም አለች።

አዴር ሮብሌ ባዶ የሳሙና ሣጥን ማማው ላይ አሰረና ከዚያ ከተታቸው። እናትና አባታቸው ይመጡ ይሆን? ሰው የነካካውን ጫጩት ትተውት ቢሆንስ? ፀሐይ እስክትጠልቅ አንገታችንን ቀና አድርገን ቆምን። ጫጩቶቹ ሽሽሽ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ እናትየው መጣች፤ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ብዙ አየች፤ ገባች። ወዲያው አባትየው አይጡን አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። በሕይወቴ ተመስገን የሚለውን ቃል ከሆዴ ያወጣሁት ያን ምሽት ነው። አዴር ሮብሌ አቀፈኝ። እኔን! አውቄ የላክኋቸውን ሰውዬ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ለጉጉት ሲባል ስልክ የመደወሉ ወሬ ድሬዳዋ ገባ። ፍሬን ያዡም ፉርጎው ጎን ላይ ያልጠፋ የጠመኔ ርዝራዥ አይቶ ኖሮ እሱንም ተናገረ። ፉርጎ ጠፍቶ እህል ወደብ ላይ በሚበላሽበት ሰዓት ደህናውን ፉርጎ በሽተኛ ነው ብሎ ማቆም በዚያ ዘመን ስሙ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የዚያ ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ተቆጣጣሪ መጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አዴር ሮብሌ በሩ ጋ ቆሟል።

"ጓድ፣ ፉርጎው ላይ መስቀል ያደረገው ማነው?" አለኝ።

ዘነበች ወሯ ገብቷል። ብታሰር በዚህ ባዕድ አገር ማን ያዋልዳታል? ይህን ሁሉ አሰብኩ። አሰብኩ ማለት ግን ምክንያት ይሆናል? እሱስ ልጆች የሉትም?

"ሮብሌ ነው" አልኩ። አዴር እንኳ አላልኩም። "እኔ አላውቅም ነበር።"

ተቆጣጣሪው ወደሱ ዞረ። እኔ ዓይኔን ከማኅተሙ ላይ አላነሣሁም። አሁን ይናገራል፣ አሁን አለቀልኝ እል ነበር።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ አዴር ሮብሌ። "ሼፉ አያውቅም።"

ሰማችሁ? እኔ ስዋሽበት እሱ ውሸቴን ደገፈልኝ። ያን ጊዜ ብድግ ብል ምን ነበረበት? ውሸቱን ነው፣ መስቀሉ የእኔ እጅ ነው ብል? አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ እንጂ፤ ከእሱ በላይ የሚለፈልፍ አፍ ነበረኝ። ዝም አልኩ። ዝም ብዬም መዝገቡ ላይ ምስክር ነኝ ብዬ ፈረምኩ።

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሻጥር የምትለዋን ቃል ሳይጽፋት ቀረ። አዴር ሮብሌ ግን ለስድስት ወር ሐዲድ ጠባቂ ሆኖ ከጣቢያ ርቆ ምድረ በዳ ወዳለ የጥበቃ ጎጆ ተላከ። እዚያ ልጅ ይዞ አይኬድም፤ ውኃው እንኳ በባቡር ነው የሚመጣው። ልጆቹን እህቱ ቤት አስገባ። የሄደ ቀን ሆዳን ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ አልለቅ አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ ነው የተሳፈረው። ባቡሩን ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ቀይ ኮፍያዬን ደፍቼ።

ዘነበች ወለደች፤ ሴት ልጅ። ሙቀቱ፣ ድካሙ፣ የእናቷ አጠገቧ አለመኖር ተደራርቦ ጡቷ ደረቀ። ልጂቱ ታለቅሳለች፤ እናትየው ታለቅሳለች። የዱቄት ወተት በዚያ ዓመት ከየት ይምጣ? ይህ ወሬ በባቡሩ ሰዎች በኩል አዴር ሮብሌ ዘንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ፍሬን ያዡ ክዳኗ በገመድ የታሰረች የሶማሌ የወተት ዕቃ አቀበለኝ። የግመል ወተት ነው፤ ሙሉ። በጎጆው አካባቢ ከሚያልፉ ግመል አርቢዎች ለምኖ ያገኘው ነው። አራሷ ትጠጣው፣ ጡቷ ይመለሳል ብሏል አለኝ። ሌላም መልእክት ነበረው፤ ትንሿ ጉጉት በረረች ወይ የሚል።

ባቡር በመጣ ቁጥር፣ አንድ ቀን ሳያጓድል፣ ወተቱ ይመጣ ነበር። እሱ ከራሱ ልጆች የተነጠለ ሰው ለእኔ ልጅ ላከ። የዘነበች ጡት ተመለሰ። ልጄ ፊቷ ሞላ። ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ዕቃዋን ስታጥብ ይህን ሰውዬ ዕድሜ ስጥልኝ እያለች ትመርቀዋለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ። ምን ዓይነት አሜን እንደነበረ እኔና ፈጣሪ ብቻ ነን የምናውቀው። ማምሻ ማምሻውን ማማው ሥር እየቆምኩ ጉጉቶቹን እጠብቅ ነበር። ታላቁ በረረ፤ መካከለኛው ተከተለ። ታናሿ ሣጥኑ ጫፍ ላይ ክንፏን እያራገበች ሳምንት ሙሉ አመነታች፤ እናትና አባቷ እስከ መጨረሻው ምግቧን አመላለሱላት። እሷም የበረረች ቀን፣ በረረች የሚል ወረቀት ባዶዋ የወተት ዕቃ ውስጥ ከትቼ ላክሁለት። ይቅር በለኝ የሚል ወረቀት ግን አልከተትኩም። ቦታ አልነበረም እንዴ?

ስድስት ወሩን ጨርሶ ሲመለስ ሩጬ አቀፍኩት። ፍየል አረድኩ፤ እሱ እንዲበላው በሙስሊም እጅ ማለቴ ነው። ልጄን ሰጥቼው አቀፋት። አመሰገንኩት፤ በሰው ፊት፣ ደጋግሜ፣ እንባ እስኪመጣብኝ። አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ያመሰገንኩትን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ተዛወርኩ። ሻንጣዬን ይዞ ባቡር ድረስ ሸኘኝ። ያን ጊዜ ጨክኜ አዴር፣ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

"አንተ እንግዳ ነበርክ ሼፍ" አለኝ። "ሚስትህ ሆዷ ገፍቷል፤ ዘመድ የለህም። እኔን ቢቀጡኝ አገሬ ላይ ነው። እንግዳ አይከሰስም።"

እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። አሁንም ምስጋና! ጉንጩን ስሜ ተሳፈርኩ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ ቀለለኝ፤ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ኋላ ነው የገባኝ። ምስጋና ላመስጋኙ ይጣፍጣል፤ ደግ ሰው ያስመስለዋል። ይቅርታ ግን ስም አለው፤ ይህን አድርጌሃለሁ ብለህ ካልጠራኸው አይሆንም። እኔ ደግሞ ያንን ስም መጥራት ፈርቼ በምስጋና ሸፈንኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዴር ሮብሌ ማረፉን ሰማሁና ቁጥሯን አፈላልጌ ለሆዳን ደወልኩላት። አሁን ጅጅጋ የምትኖር ትልቅ ሴት ናት፤ የልጆች እናት። የላከልንን ወተት ነገርኳት፣ ጉጉቶቹን ነገርኳት። እሷም አስታወሰች። ሳቅ ብላ፣ ሳቋ ግን ደስ አይልም፣ "አጎቴ፣ አባቴ እኮ ለወፍ ብሎ ስድስት ወር ትቶን ሄደ" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? አላህ ይማረው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያቺ ልጅ አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አባቷ ከእሷ ይልቅ ወፍ የመረጠ እየመሰላት ኖራለች፤ ይህንንም እንዲመስላት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በስልክ እውነቱን ደብቄ በአባቷ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነው። ሆዳን ልጄ፣ መስቀሉን ያደረግኩት እኔ ነኝ። የጠረግኩትም እኔ፣ በአባትሽ ላይ የመሰከርኩትም እኔ ነኝ። አውቄ ነው። አባትሽ ለወፍ ብሎ አልተዋችሁም። ለእኔ ብሎ ነው።